ሮቢት ስሄድ የሚያመኝ ኩላሊት

ሐሙስ፣ ጥር 3

ጉትቻዬን አውልቄ ስኳር ጣሳ ውስጥ። ቀለበቱንም። አዲሱ ሻሽ ይቅር፣ የደበዘዘው ቡናማው ይሁን። ጫማ፦ የእማዬ ነጠላ ጫማ። ሮቢት አጎቴ ቤት ስሄድ የምለብሰው ይኸው ነው፣ ታውቀዋለህ ደብተሬ። ሙሽራ እንኳ ለመልበስ እንዲህ አትጨነቅም።

ከቆቦ በሚኒባስ ደረስኩ። አያ ሰይድ በሩ ላይ የማሽላ አገዳ ይከምራል። (ከዛሬ ጀምሮ አ.ሰ. ብዬ እጽፈዋለሁ፣ ስሙ ሊበዛ ነው።) ሳመኝ። የአባቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ አባቴ ከሞተ ወዲህ አባት ማለት እሱ ነው። ወንድም የለኝም። ስለዚህ የማገባ ቀን ወሊዬ እሱ ነው። እሱ በአፉ "ሰጥቻለሁ" ካላለ ኒካህ አይታሰርም። መንገዱን ሙሉ ይህን ሳሰላስል ሄድኩ።

ሚስቱ እትዬ ዘምዘም ገና ስታየኝ አማረብሽ፣ ወፈርሽ፣ ፊትሽ በራ አለች። ማሻአላህ አላለችም። ጆሮዬ እሷን ቃል ሲጠብቅ ቀረ። ወዲያው ምላሴ የለመደውን ጀመረ፦ ውፍረት አይደለም እትዬ፣ እብጠት ነው። ኩላሊቴን፣ የግራውን። ሌሊት አያስተኛኝም። ስፌት ቤቱስ ስትለኝ ደንበኛ ጠፋ አልኳት። የሠርግ ቀሚስ ብቻ እስከ የካቲት መጨረሻ ተይዞብኛል፣ አንተ ታውቃለህ።

ይህን ያስተማረችኝ እማዬ ናት። ሰው ሲያደንቅሽ አመመኝ በይ፣ ዓይን አይዝሽም። ከልጅነቴ ጀምሮ። አሁን ከእሷ በልጫለሁ። ለቆቦ ጎረቤት ራስ ምታት፣ ለእማዬ ዘመዶች ጨጓራ፣ ለሮቢት ኩላሊት። እንዳይምታታብኝ ለይቼ ነው የያዝኩት።

ፋጤ ጓዳ ነበረች፣ ለሰላምታ ብቻ ወጣች። የአ.ሰ. ልጅ፣ እኩያዬ፣ አብራኝ ያደገች። ጅዳ ስንት ዓመት ሰው ቤት ሠርታ፣ ፖሊስ ይዟት ሻንጣዋን እንኳ ሳትይዝ መለሷት። ከዚያ ወዲህ ወሬዋ አጭር ነው። እጄን ስትጨብጠኝ ጣቴን አየች፣ ቀለበቱ የነበረበት ቦታ ነጭ ምልክት አለ። እጄን ሰበሰብኩ።

እንድሪስ ሽማግሌ ሊልክ ነው። ለእነሱ ትንፍሽ አላልኩም።


ማክሰኞ፣ ጥር 8

የጥልፍ ማሽኑ ከደሴ መጣ። በአንሶላ ሸፍኜ ከጋሪ አወረድኩት። ጎረቤቴ ምንድን ነው ስትለኝ የሰው ዕቃ ነው፣ አደራ ነው አልኳት። የራሴን ማሽን። በራሴ ላብ። ከገባ በኋላ በሩን ዘግቼ ዳሰስኩት፣ ደስታው ግን በቅጡ አልመጣልኝም። መስኮቱ ክፍት ነው ወይ እያልኩ ስቃኝ ጊዜው ሄደ።

እንድሪስ ከሰዓት መጣ፣ እጁ ግራሶ። ከዋጃ እስከ ሮቢት የውኃ ሞተር የሚጠግን እሱ ነው፤ ሽንኩርት የሚያጠጣ ገበሬ ሁሉ ስልኩን ይዟል። አንሶላውን አይቶ ማን ሞተ አለኝ። ሳቅኩ። እሱ የሚደብቀው ነገር የለም። ሞተር ብስክሌት ሲገዛ ገበያ መሀል ሦስቴ ዞረ። እንዴት እንደማይፈራ አይገባኝም። እወደዋለሁ፣ ይህንንም ጮክ ብዬ አልናገርም።

ሰኞ ሽማግሌዎቹ ሮቢት ይሄዳሉ።


ሰኞ፣ ጥር 14

ሄዱ። የእንድሪስ አጎት፣ የዋጃ መስጊድ ኢማም፣ አንድ ጎረቤታቸው። ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ ተመለሱ። ስፌት ቤቱ በር ላይ ቆሜ ከመኪና ሲወርዱ ፊታቸውን አየሁ። አዝነዋል። ያዘኑት ደግሞ ለኔ ነው።

አ.ሰ. በክብር ተቀብሏቸዋል። አብልቷል። መርቋል። ልጁን አውቀዋለሁ፣ ጨዋ ነው ብሏል። ከዚያ፦

"ልጅቱ ጤና የላትም። የሰው ልጅ አታልየ አላህ ፊት አልቆምም። መጀመሪያ ትዳን፣ ከዚያ ኑ።"

እትዬ ዘምዘም ከጓዳ ወጥታ ምስክር ሆናለች። እብጠቱን፣ ሌሊት አለመተኛቱን፣ ሁሉን። አንድ የጨመረችው የለም። ሁሉም የኔ ቃል ነው፣ እኔ እንዳልኩት፣ በኔው ቅደም ተከተል።

ኢማሙ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው፦ አጎትሽ ሐቀኛ ሰው ነው፣ ሌላ ቢሆን ደብቆ ይድርሽ ነበር። አላህ ያሽርሽ ብለውኝ ሄዱ።


ማክሰኞ፣ ጥር 15። ጠዋት

አልተኛሁም። (አየህ፣ አሁን እውነት ሆነ።)

ላስበው። አልታመምኩም ልበል? ታዲያ ለምን አልሽ ይለኛል። ዋሽቼ ነው ልበል? ለምን ዋሸሽ ይለኛል። መልሱ አንድ ነው፦ ዓይናችሁን ፈርቼ። ይህን ደግሞ እዚህ አገር ለጠላት እንኳ ፊት ለፊት አይሉትም። ዓይንህን ፈራሁ ያልከው ሰው ቤት ከዚያ በኋላ ውኃ አትጠጣም። ለአባቴ ወንድም እንዴት ብዬ?

አ.ሰ. ያውቃል? እውነት ታማለች ብሎ ነው? ወይስ አውቆ በራሴ ገመድ አሰረኝ? ይኸው ነው የሚያሳብደኝ። አውቆ ከሆነ ልጠላው እችላለሁ። ሳያውቅ ከሆነ ለኔ ተጨንቆ ነው ያደረገው፣ ያኔ ጥፋተኛዋ እኔ ብቻ ነኝ።

እማዬን ተቆጣሁ። አንቺ ነሽ ያስተማርሽኝ አልኳት። ትንሽ በይ አልኩሽ እንጂ ኩላሊት ማን በይ አለሽ አለችኝ። ስቄ አለቀስኩ።


ዓርብ፣ ጥር 18

ጤ/ጣቢያ ሄድኩ። ሽንት፣ ደም፣ ሁሉን መረመሩ። የሚመረምረኝ ልጅ ምን ያምሻል ሲለኝ ምንም አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ። ምንም የማያማት ሰው ስትመጣ የመጀመሪያዬ ነሽ አለ። ጤነኛ ነሽ የሚል ወረቀት ሰጠኝ።

የእንድሪስ እናት ሰምተዋል። ክፉ ሰው አይደሉም። እንድሪስን ያ በሽታ በዘር ይሄዳል ወይ ብለው ጠይቀውታል። እሱ እየሳቀ ነገረኝ። እኔ አልሳቅኩም። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ግራ ጎኔን ይወጋኛል። የውሸት እንደሆነ አውቃለሁ፣ ጤ/ጣቢያውም ያውቃል፣ ጎኔ ግን አልሰማም።


ሰኞ፣ ጥር 21

ከእማዬ ጋር ሮቢት። ወረቀቱን ይዘን።

አ.ሰ. ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ ያዘው። ማንበብ አይችልም፣ ግን አገላብጦ አየው። ከዚያ ይህ የሐኪም በሽታ አይደለም፣ የሐኪም መሣሪያ አያየውም አለ። ዱዓ ያስፈልጋታል። የሮቢት መውሊድ ደርሷል፣ እናቶቹ ዱዓ ያደርጉላት። ፊቱን አጥብቄ አየሁት። ዓይኑን ወደ ዞብል ተራራ አደረገ፣ ስለ ግመሎቹ ጀመረ።

ፋጤን ጠራኋት። ፋጤ፣ አንቺ ንገሪው፣ የታመመ ሰው እመስላለሁ? በቤቱ ሁሉ ፊት ነው ያልኩት። ጀሪካኗን አንስታ እኔ ምን አውቃለሁ አለችና ወጣች። ከአባቷ መልስ ይልቅ የእሷ ጎዳኝ። አንድ ቁርጥራጭ ሸንኮራ ለሁለት ስንመጥ ያደግን ሰዎች ነን።

እምቢ ብል መዳን አትፈልግም ይባላል። እሺ አልኩ። ለሌለብኝ በሽታ ሊጸለይልኝ ነው።


እሑድ፣ ጥር 27

መውሊዱ ትናንት ነበር። አሁን ነው የመጻፍ አቅም ያገኘሁት።

የሴቶቹ ዳስ ሞልቷል። ዱበርቲዎቹ፣ ዱዓ የሚያደርጉት ትልልቅ እናቶች፣ መሀል አስቀመጡኝ። ነጠላ አለበሱኝ። ስሜን በአባቴ ስም ጠሩ፣ በሽታዬን ጠሩ፣ ያ ሁሉ ሰው አሚን አለ። የማላውቃት አሮጊት እንባዋን አፈሰሰችልኝ። አፈርኩ ደብተሬ። አላህንም ሰውንም አፈርኩ። ደግሞ ደስ አለኝ፣ ይኸ ሁሉ ሰው ደህና እንድሆን ሲለምን። አንድም ቀን እንዲህ ጮክ ብሎ መልካም የተመኘልኝ የለም። ለካ ታምሜ ስገኝ ነው የምወደደው።

ፋጤ ከኋላዬ ተቀምጣ ጀርባዬን እንድታሽ አዘዟት። በየትኛው በኩል ነው አለችኝ በጆሮዬ። በቀኝ አልኳት። ጥር መባቻ ላይ በግራ ብዬ ነበር። እጇ ቆመ። አወቀች። ለሰው ሳትናገር ቀኙን ማሸት ጀመረች፣ ዱዓው እስኪያልቅ።

ምን ማለቷ ነው? አዘነችልኝ? ናቀችኝ?


ዓርብ፣ የካቲት 2

ወሬው ቆቦ ገባ። ዛሬ አንዲት እናት የልጇን የሠርግ ቀሚስ ጨርቅ ልትወስድ መጣች። ሳይቆረጥ። ሰበቧ ብዙ ነው። በመጨረሻ ግን አይክፋሽ፣ የሙሽራ ልብስ የታመመ ሰው እጅ ባይነካው ብለው ነው አለች። አጥፌ ሰጠኋት።

ስለዚህ አሁን ሥራዬም ነው። ትዳሬም፣ ሥራዬም፣ በአንድ ኩላሊት።

እንድሪስ ማታ መጣ። አልሳቀም። እናቱ ዋጃ ሌላ ልጅ አይተዋል፤ እሱ አልሰማም ብሏል፣ ግን እስከ መቼ አለኝ። ረመዳን ሳይገባ፣ ክረምት ሳይገባ። ቃዲ ጋ እንሂድ አለ። ወሊይ ያለ ምክንያት ከከለከለ ቃዲው ይጠራዋል፣ ምክንያቱን ይጠይቀዋል፣ ካጣ ቃዲው ራሱ ወሊይ ሆኖ ይድራል።

አጎቴን? ሸሪዓ ፍ/ቤት? ከዘመዶቻችን ማን እንዲህ አድርጎ ያውቃል? ት/ቤት የተመዘገብኩ ቀን ወንዙ ሞልቶ በጀርባው ያሻገረኝ ሰው ነው። እግሬ ውኃ ሳይነካው።

ሄጄ ልማለድ ወይስ ልክሰስ። እግዜር ያሳይህ፣ እማዬ ስትደነግጥ እንደምትለው። (ጎረቤቶቿ ክርስቲያን ስለሆኑ ነው፣ አትፍረድባት።)


ሰኞ፣ የካቲት 5

ሄድኩ። ብቻዬን። ሦስት ጊዜ በሩን አልፌው ነው የገባሁት። ቃዲው ሽማግሌ ናቸው፣ ዝግ ያሉ። ሰምተው ሲያበቁ አጎትሽ ክፉ ሰው ነው ወይ አሉኝ። አይደለም አልኩ። ታዲያ ምንድን ነው አሉ።

መጥሪያው ለሚቀጥለው ሰኞ። ዛሬ ሲደርሰው ምን ያስብ ይሆን? እትዬ ዘምዘም ምን ትል ይሆን? ሙሉ ቀን ቀሚስ አበላሸሁ፣ እጅጌውን ገልብጬ ሰፋሁ፣ ፈታሁ፣ እንደገና ገልብጬ ሰፋሁ።


ሰኞ፣ የካቲት 12

ሁሉንም ልጻፈው፣ ሳይደበዝዝብኝ።

ጠባብ ክፍል። ጸሐፊው፣ ቃዲው፣ አንድ አግዳሚ ወንበር። አ.ሰ. ነጭ ጋቢውን ለብሶ መጣ። ለእማዬ ከወንበሩ ተነሣላት፣ እሱ ቆመ። እንደዚያ ሲያደርግ ባላየሁት ምን ነበር።

ቃዲው ምክንያቱን ጠየቁት። ጤና የላትም አለ። ወደኔ ዞሩ። ታምሚያለሽ?

አላምም አልኩ።

ታማለች ያለው ማነው? እኔ ነኝ። ለምን አልሽ? ዋሽቼ። ለምን ዋሸሽ? ዓይን ፈርቼ። የማንን ዓይን?

እማዬ በሻሿ ፊቷን ሸፈነች። ጸሐፊው መጻፉን አቆመ። መሬቱን እያየሁ "የአጎቴን ቤት" አልኩ። ተባለ። አንዴ ከወጣ አይመለስም።

አ.ሰ. ይጮሃል ብዬ ጠበቅኩ። በትሩን ከእጅ ወደ እጅ አቀያየረ። ከዚያ፦

"እንደማያማት አውቃለሁ ሼህየ። ኩላሊቱን የሚያመው ሰው እሷ እንደምትበላው አይበላም።"

ጸሐፊው ሳቁን ዋጠ። አ.ሰ. ግን አልሳቀም።

"ወንድሜ ሞቶ ልጁ ቆመች። እኔ ቁሜ ልጀ ወደቀች። ይችን ሳያት ደስ ይለኛል፣ ወላሂ ደስ ይለኛል። ወዲያው ደግሞ ሆዴ ይቃጠላል። ሶላት ላይ ቁሜ እንኳ ይቃጠላል። ምን ላድርገው?"

ይኸን ሁሉ ዓመት የፈራሁትን ነገር በገዛ አፉ፣ በሰው ፊት ሲናገረው ሰማሁ። አውቆ ነው ያሰረኝ፣ ስለዚህ ልጠላው እችል ነበር። አልቻልኩም። ተነሥቼ እግሩን ልስም ዳዳኝ። ደግሞ ያ የመውሊድ ቀን ትዝ አለኝ፣ ያቺ አሮጊት እንባዋን ስታፈስ፣ እሱ ከወንዶቹ ዳስ ሆኖ አሚን ሲል። ተናደድኩ። ሁለቱም በአንድ ጊዜ።

ከዚያ እሰጣለሁ አለ። በአፌ እሰጣለሁ። ግን ድንኳን እንዳይተከል። ድቤ እንዳይመታ። ዘመድ እንዳይጠራ። ጎህ ሲቀድ እንደ መንገደኛ ተሳፍራ ትሂድ፣ ሰው ከሰማም ዘግይቶ ይስማ። ፋጤ አንድ ነገር እስክታገኝ ድረስ። ሠርጓ ላይ ሰው ሁሉ ወደ ልጀ ዞሮ አንችሳ መቼ ነው ይላታል፣ ያን አልችለውም አለ።

ቃዲው ጢማቸውን ዳሰሱ። ምስክር ካለ ኒካህ ኒካህ ነው፣ ድንኳን ግዴታ አይደለም፣ ምርጫው የልጅቱ ነው አሉ። አልቀበልም ካልሽ ሐሙስ ነይ፣ እኔ እድርሻለሁ። ከተቀበልሽም ሐሙስ ነይ፣ እሱ ይሰጥሻል።

ስንወጣ አ.ሰ. ለእማዬ ባጃጅ አስቆመላት። እኔን አላየኝም።


ማክሰኞ፣ የካቲት 13

እማዬ፦ ተቀበዪ። ድቤ ምንሽ ነው? ሰላም ይሻላል። እሱ አምኖ ተናግሯል፣ ከዚህ በላይ ምን ይምጣ።

እንድሪስ፦ እንዳልሽ። በአህያም ና ካልሽኝ በአህያ እመጣለሁ። (እናቱ ግን ድንኳን ይፈልጋሉ፣ አንድ ልጃቸው ነው።)

እኔ፦ ጠዋት እሺ፣ ምሳ ላይ እምቢ፣ አሁን አላውቅም።

እሺ ብል ምን ይጎድላል? የሠርጌን ቀሚስ ራሴ ነድፌዋለሁ፣ ያንተ ገጽ ላይ አለ። ጎህ ሲቀድ ማን ያየዋል። ይሁን፣ ቀሚስ ነው። ግን ከዚያስ? ካረገዝኩ ሆዴን እደብቃለሁ። ልጁ ሲወለድ አመመው እላለሁ። ቤት ብንሠራ ፊቱን ሳንለስን እንተወዋለን፣ እንዳላለቀ እንዲመስል። እስከ ዛሬ ማንም ሳያዝዘኝ ነበር የምደበቀው፣ አሁን በፍርድ ቤት ልደበቅ ነው። ፋጤስ ባል ባታገኝ? አምስት ዓመት፣ አሥር ዓመት በጭለማ ልኑር?

እንደገና ደግሞ፦ እሱ እኔን ሲያሻግር ይህን ሁሉ አልቆጠረም። ፋጤ ልጁ ናት። አባት ነው።

11 ሰዓት ላይ ስልክ። ፋጤ። ከተመለሰች ወዲህ ደውላልኝ አታውቅም። ሰላምታ ሳትጨርስ ቀጠለች። አባቷ የተናገረውን ሰምታለች። በሷ ስም መባሉን ሰምታለች። አልዋሸችኝም ደብተሬ፦ ስምሽ ሲነሣ እኔንም ያመኛል አለችኝ፣ ራሴን ይይዘኛል፣ ተነሥቼ ወደ ውኃ እሄዳለሁ፣ ያን ዕለትም ለዚያ ነው። ጅዳ ሳለሁ ስፌት ቤት የምከፍተው እኔ ነበርኩ፣ አስታወስሽ? አስታወስኩ። ማሽን ልካልኝ አብረን ልንሠራ ነበር። ረስቼው አልነበረም፣ አስቤው አላውቅም እንጂ። ከዚያ አንድ ነገር ጠየቀችኝ፦

"አንች ተደብቀሽ ብታገቢ እኔ ምን አገኛለሁ?"

መልስ አልጠበቀችም። በኔ አታሳብቡ አለችና ካርዷ አለቀ፣ ወይም ዘጋችው።


ረቡዕ፣ የካቲት 14። ከመግሪብ በፊት

ቶሎ ልጻፍ፣ እማዬ ሳትመለስ። እሷ ፊት ከጻፍኩ ሐሳቤን ትቀይረዋለች።

ዛሬ ጸሐፊው ጋ ሄጄ የነገውን ሥርዓት ጠየቅኩ። አጎትሽን ከመረጥሽ ሥራው ትንሽ ነው አለ። ቃዲውን ከመረጥሽ ግን አስቀድሞ፣ ምስክሮች ባሉበት አንድ ጥያቄ ትጠየቂያለሽ። ወሊይ አለሽ ወይ? ለዚህ ጉዳይ የሚመጡት ሁሉ የለኝም ነው የሚሉት። አጭር ነው፣ ነገሩ ያልቃል፣ አንቺም እንደዚያ በዪ አለኝ። አጎቴስ ይኖራል አልኩት። ይጠራል፣ እዚያው ይቀመጣል አለ።

የለኝም። አ.ሰ. አግዳሚው ላይ ጋቢውን ለብሶ ተቀምጦ፣ እኔ ፊቱ ቆሜ የለኝም። መንገዱን ሙሉ በአፌ ሞከርኩት። የለኝም። እንደ ኩላሊቱ ነው፣ ሌላ ውሸት፣ ቀላል፣ ቶሎ የሚያልፍ፣ ከዚያ ዕድሜ ልክ አብሮኝ የሚኖር።

ወስኛለሁ። ድንኳኑ ይተከላል። ድቤው በቀን ይመታል፣ ፀሐይ አናት ላይ ሆና። ከነገ በኋላ ሮቢት ያ በር ይከፈትልኝ አይከፈትልኝ አላውቅም። ምናልባት አይከፈትም። ልጆቼ አያት ብለው የሚሮጡበት ግቢ ላይኖራቸው ይችላል። ይህን ሳስብ ደረቴ ይጠብበኛል፣ ይህ ደግሞ የእውነት ነው፣ ለማንም ብዬ አይደለም።

እፈራለሁ። ነገ ጠዋት ስነሣ ሐሳቤን እንዳልቀይር እፈራለሁ፣ ስለዚህ እዚህ ይስፈር፦

ቃዲው ወሊይ አለሽ ወይ ሲሉኝ አለኝ እላለሁ። ይኸው የአባቴ ወንድም፣ ያሳደገኝ። አለኝ፣ አልሰጠኝም እላለሁ። ቀና ብዬ፣ እሱን እያየሁ። ከዚያ ጸሐፊው ይጻፈው።